ፎቶ ማጉላት ምርመራ አይደለም፦ ስለ ሜርኩሪ ምስሎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሜርኩሪ (አጣርድ) ፎቶዎች ላይ ሳይንቲስቶች ያላዩትን ነገር ማንም ሰው በስልኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያገኝ ይችላል የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ሲዘዋወር ቆይቷል። ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፤ ፎቶውን ማጉላትና ኮንትራስት መጨመር ይበቃል፤ የደበዘዘውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ያጠራዋል፤ በምስሎቹ ላይ ጉልላት መሰል ክብ ግንባታዎች አሉ፤ በጉድጓዶቹ ወለል ላይ የሚያበሩት ሰማያዊ ነጠብጣቦች በረዶ ናቸው፤ «ሸረሪት» የሚባለው ቅርጽና በመስመር የተሰደሩት ጉድጓዶች የተፈጥሮ ሥራ ሊሆኑ አይችሉም፤ ጥቁሮቹ አራት ማዕዘኖች ሆን ተብለው የተሸፈኑ ናቸው፤ የአውሮፓና የጃፓን መንኮራኩር በሆነችው በቤፒኮሎምቦ ፎቶዎች ላይ ደግሞ የብረት ምሰሶ ይታያል።

ሰው የፕላኔት ፎቶ ከፍቶ እንዲመረምር መጋበዙን እንደግፋለን። ሜሴንጀር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2011 እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2015 ድረስ ሜርኩሪን ስትዞር ያነሳቻቸው ከ250,000 በላይ ምስሎች ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት ናቸው። ችግሩ ጽሑፉ ያስተማረው የአፈላለግ መንገድ ላይ ነው። አንድ ቅርጽ እንግዳ ነው ከመባሉ በፊት የምስሉ መጠን፣ የፀሐዩ አቅጣጫና የዚያው ቦታ ሁለተኛ ምስል መታወቅ አለባቸው። ጽሑፉ ሦስቱንም አላነሳም፤ ከታች የምናያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡትም ከዚሁ ነው።

ከማጉላት እንጀምር። ማጉላት በምስሉ ውስጥ የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም። የሜሴንጀር ጠባብ እይታ ካሜራ 1.5 ዲግሪ የሚሰፋ እይታን በ1,024 ፒክስል ይከፍላል። ስለዚህ መንኮራኩሯ ከመሬቱ የነበራትን ርቀት ለ39,000 ብናካፍል አንድ ፒክስል የሚሸፍነውን ስፋት እናገኛለን። ከ10,000 ኪሎ ሜትር የተነሳ ምስል በፒክስል 256 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር የተነሳ 5 ሜትር። የሜሴንጀር ምህዋር ሞላላ ስለነበረና ወደ መሬቱ የምትቀርበው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ላይ ስለነበረ፣ የደቡቡ ምስሎች በአብዛኛው ከሩቅ የተነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ምስሎች መረጃ ለመቆጠብ አራት ፒክስል ወደ አንድ እየተጠቃለለ የተላኩ ናቸው። የምስሉ ስፋት 1,024 ሳይሆን 512 ፒክስል ከሆነ ከላይ ያገኘነውን ቁጥር በሁለት ማባዛት ነው።

ለሥራ የሚረዳ መለኪያ ይኸውና፦ ከ5 ፒክስል ያነሰ ነገር ቅርጹን አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። ጠርዙንና ወለሉን ለይቶ ለመግለጽ ደግሞ 10 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል። በፒክስል 256 ሜትር በሆነ ምስል ላይ ይህ ማለት 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ጽሑፉ «በር» ያለው ነገር በራሱ ምስል ላይ ስፋቱ 3 ፒክስል ነው። ሦስት ፒክስል በርም ድንጋይም ጥላም ሊሆን ይችላል።

ኮንትራስት መጨመርም የራሱ ጣጣ አለው። በድረ ገጽ የሚገኙት ፎቶዎች አብዛኞቹ ጄፔግ ናቸው፤ ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው የሚጨምቀው። ኮንትራስቱ ሲወጣ ለወትሮው የማይታዩት የካሬዎቹ ድንበሮች ብቅ ይላሉ፤ «የከተማ ፕላን» የሚመስለው ፍርግርግ የሚመጣው ከዚህ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ያልተቆረጠውንና መጠኑ ያልተቀየረውን ፎቶ በ800 ፐርሰንት አጉልቶ፣ «ግድግዳው» ከግራ ጠርዝና ከላይ ስንተኛው ፒክስል ላይ እንደሚውል መቁጠር ነው። 8፣ 16፣ 24 እያለ የሚሄድ ከሆነ የጭመቃው አሻራ ነው። ፎቶው ተቆርጦ ወይም ተሽከርክሮ እንደገና ከተቀመጠ ግን ቆጠራው ይዛባል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከዋናው ፋይል መነሳት ያስፈልጋል። በአንድ ምስል ላይ ብቻ ብልጭ ብላ የምትታይ ነጠላ ነጭ ፒክስል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የካሜራውን ዳሳሽ የመታች የኮስሚክ ጨረር ቅንጣት ናት።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጥሪያን በተመለከተ ምክሩ ጎጂ ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች የተማሩት በሰው ፊት፣ በሕንፃና በመንገድ ፎቶዎች ነው። የደበዘዘ ነገር ሲሰጣቸው ከሚያውቁት መርጠው ይሞሉታል፤ ቀጥ ያለ መስመርና ሹል ማዕዘን የሚያመጡትም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ፋይል ላይ የማይታይ ነገር በተጠራው ላይ ከታየ መተግበሪያው ጨምሮታል ማለት ነው፤ እንደ ማስረጃ መቅረብ የለበትም።

አሁን ወደ ጉልላቶቹ እንምጣ፤ በጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው ያሳመነው ይህ ነጥብ ነው። የሰው ዓይን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ ማየት ለምዷል። በምስሉ ላይ ፀሐይ ከታች በኩል ከሆነች ጉድጓዱ ጉብታ፣ ጉብታው ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። ይህ በባለሙያም ዓይን ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ባለሙያው ከመፍረዱ በፊት የፀሐዩን አቅጣጫ ማየቱ ነው። ከእያንዳንዱ የሜሴንጀር ምስል ጋር አብሮ የሚመጣ የመግለጫ ፋይል አለ፤ በውስጡ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች፣ ብርሃኑ በስንት ዲግሪ እንዳረፈና ካሜራው ምን ያህል አዘንብሎ እንደተመለከተ ተጽፏል። ምስሉን ብርሃኑ ከላይ እስኪመጣ ድረስ ማዞር፣ ከዚያም በዚያው ምስል ላይ ክብነቱ የማያጠራጥር ትንሽ ክሬተር፣ ማለትም ከጠፈር የወደቀ አለት የፈጠረው ጉድጓድ፣ ፈልጎ ማወዳደር ነው። ፀሐይ በግራ ከሆነች የክሬተር የግራ ውስጣዊ ግድግዳ ጥላ ይሆናል፣ የቀኙ ይበራል። ጉብታ ላይ ደግሞ ግራው ይበራል፣ ቀኙ ይጠላል። የጽሑፉ ሦስት «ጉልላቶች» በዚህ መንገድ ሲታዩ አጠገባቸው ካሉት ክሬተሮች ጋር ጥላቸው በአንድ ወገን ነው፤ ስለዚህ ክሬተሮች ናቸው።

ጥላ ከፍታንም ይናገራል። የብርሃኑ ማረፊያ የሚለካው ከአናት ነው፦ 0 ዲግሪ ማለት ፀሐይ አናት ላይ፣ 90 ዲግሪ ማለት አድማስ ላይ። ማረፊያው 75 ዲግሪ ነው ከተባለ ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላለች፤ የ15 ዲግሪ ታንጀንት 0.268 ነው። ጥላው በፀሐይ አቅጣጫ ሲለካ 8 ፒክስል ቢሆንና አንዱ ፒክስል 250 ሜትር ቢሆን የጥላው ርዝመት 2,000 ሜትር፣ የጠርዙ ከፍታ ደግሞ 536 ሜትር ይሆናል። ይህ ሂሳብ የሚሠራው ካሜራው ወደ ታች ቀጥ ብሎ ሲመለከትና ጥላው ሜዳ ላይ ሲያልቅ ነው። ጥላው የሌላ ክሬተር ውስጥ ከወረደ ውጤቱ ይበልጣል፤ ወደ ላይ የሚወጣ ተዳፋት ላይ ካረፈ ያንሳል።

የፀሐይ ከፍታ ራሱ የሚታየውን ነገር ይለውጣል። ብርሃንና ጨለማ በሚለያዩበት መስመር አጠገብ የጥቂት አሥር ሜትር እብጠት እንደ ገደል ይጎላል። ፀሐይ ከፍ ስትል ደግሞ ኮረብታውም ሸለቆውም ይጠፋና የሚቀረው የአፈሩ ጥቁረትና ንጣት ብቻ ይሆናል። በፒክስል 166 ሜትር የሆኑት የሜሴንጀር ካርታዎች በተለያየ ብርሃን የተዘጋጁት ለዚህ ነው፤ አንዱ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከምሥራቅ፣ ሌላው ዝቅ ብላ ከምዕራብ፣ ሌላው ደግሞ ከፍ ብላ ሳለች የተነሱ ምስሎችን የያዙ ናቸው። እንግዳ የመሰለውን ነገር በሦስቱም ላይ ማየት ያስፈልጋል። ከምሥራቅ በበራው ላይ ጥላ፣ ከምዕራብ በበራው ላይ ብርሃን ከሆነ ተዳፋት ነው። በሦስቱም ላይ ብሩህ ሆኖ ከቀጠለ የአፈሩ ቀለም ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ታይቶ በሌሎቹ የጠፋ ነገር፣ በተለይ ጥላ ያልጣለ ከሆነ፣ የምስል ጉድለት ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። በሜርኩሪ ላይ ከአንዱ ቀትር እስከ ሚቀጥለው 176 የምድር ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ የአንድ ቦታ ሁለት ምስሎች በወራት ልዩነት የተነሱ ሆነው ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም።

ሰማያዊዎቹ ነጠብጣቦች በረዶ አይደሉም፤ በበኩላችን ግን ከበረዶ የበለጠ የሚደንቁ ሆነው እናገኛቸዋለን። በመጀመሪያ ቀለሙ ዓይን የሚያየው ቀለም አይደለም። የቀለም ምስሎቹ የሚሠሩት በአብዛኛው በ1,000፣ በ750 እና በ430 ናኖ ሜትር አካባቢ ከተነሱ ሦስት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ነው፤ እነሱ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቦታ ይገቡና ልዩነታቸው እንዲጎላ ይደረጋል። የ1,000 ናኖ ሜትሩን ብርሃን የሰው ዓይን ጭራሽ አያየውም። ሰማያዊ ማለት «ከአካባቢው ይልቅ አጭሩን የብርሃን ሞገድ በርከት አድርጎ የሚመልስ» ማለት ነው፤ ውሃ ማለት አይደለም። በቀን 430 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ መሬት ላይ በረዶ በፀሐይ ፊት ሊቆይ አይችልም። የሜርኩሪ በረዶ እ.ኤ.አ. በ1991 በራዳር ምልክቱ የታየው በዋልታዎቹ አካባቢ፣ የፕላኔቷ ዛቢያ እምብዛም ስለማያዘነብል ፀሐይ ፈጽሞ በማትገባባቸው ክሬተሮች ውስጥ ነው፤ እነዚህ ቦታዎች በተራ ፎቶ ላይ ጥቁር ናቸው። ጽሑፉ የጠቀሳቸው ከርቴስና ትያጋራጃ የተባሉት ክሬተሮች ግን ከዋልታ እጅግ የራቁ ናቸው፤ ትያጋራጃማ ከምድር ወገቡ አጠገብ ነው።

እዚያ የሚታዩት «ሆሎው» የሚባሉ ሰርጓዳ ቦታዎች ናቸው። ማሪነር 10 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 አልፋ ስትሄድ ባነሳቻቸው ምስሎች በአንዳንድ ክሬተሮች ወለል ላይ ብሩህ ነጠብጣብ ሆነው ታይተው ነበር። ምን እንደሆኑ የታወቀው ግን ሜሴንጀር በ2011 ምህዋር ገብታ ቀረብ ያሉ ምስሎችን ስትልክ ነው። ጠርዛቸው ከፍ አላለም፤ ወለላቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ቅርጻቸው ክብ ያልሆነ፣ እርስ በርሱ የተቀጣጠለ ነው፤ በዙሪያቸው ብሩህ ቀለበት አላቸው። ስፋታቸው ከአሥር ሜትሮች እስከ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች፣ ጥልቀታቸው በአብዛኛው በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ቅርብ ምስል ላይ ሲታዩ ቅቤ የጠጣ ወረቀት ላይ እንደ ተንሰራፋ እድፍ ጠርዛቸው ክብ ክብ እያለ ወደ ውጭ ይሰፋል። ከላያቸው ላይ የተፈጠረ ትንሽ ክሬተር አለመኖሩ ወጣት መሆናቸውን ያሳያል። ዋነኛው ማብራሪያ በአለቱ ውስጥ ያለ በቀላሉ የሚተን ንጥረ ነገር፣ በተለይ ድኝ ያለበት፣ ፀሐይ ሲያገኘው ተንኖ ሲሄድ የላዩ መሬት ይፈራርሳል የሚል ነው።

ሆሎው ያገኘ የሚመስለው ሰው አራት ነገሮች ሊያሳስቱት ይችላሉ። ትንሽ አዲስ ክሬተርም ብሩህና ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ክብ ነው፣ ከንፈሩ ከፍ ያለ ነው፣ ብሩህ መስመሮቹም እንደ ጨረር ወደ ውጭ ይበተናሉ። ወደ ፀሐይ የዞረ ተዳፋት ያበራል፤ ሆኖም የፀሐዩ አቅጣጫ ሲለወጥ ብርሃኑም ይሄዳል። የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ አፍም ልክ እንደ ሆሎው ሁሉ ጠርዙ ከፍ አላለም፤ ግን በብዙ እጥፍ ይሰፋል፣ ይጠልቃልም፤ በዙሪያው ያለው ደብዛዛ ቀለበትም በተጎላው ምስል ላይ ወደ ቀይ ያደላል። ራክማኒኖፍ ከሚባለው ግዙፍ ክሬተር በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው ጥሩ ምሳሌ ነው። አራተኛው የቀለም መንሸራተት ነው። ካሜራው በየማጣሪያው የሚያነሳው ተራ በተራ ስለሆነና መንኮራኩሯ እስከዚያው ስለምትንቀሳቀስ፣ ሦስቱ ምስሎች በአንድ ፒክስል እንኳ ካልተገጣጠሙ የእያንዳንዱ ክሬተር አንድ ጎን ሰማያዊ፣ ተቃራኒው ጎን ቀይ ይሆናል። በምስሉ ላይ ያሉት ክሬተሮች ሁሉ ሰማያዊያቸው በአንድ ወገን ከሆነ የተገኘው ይህ ጉድለት ነው። ከጽሑፉ ሥዕሎች የመጨረሻው እንዲህ ያለ ነው።

«ሸረሪቱ» ፓንቴኦን ፎሴ የሚል ስም ያለው ቦታ ነው። 1,550 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው የካሎሪስ ግዙፍ ክሬተር መሃል አካባቢ ይገኛል። ማሪነር 10 ያየችው የካሎሪስን ምሥራቃዊ ክፍል ብቻ ስለነበር፣ ይህ ቅርጽ የታየው ሜሴንጀር እ.ኤ.አ. በጥር 14 ቀን 2008 ስታልፍ ነው። ከ200 በላይ ቦዮች ከመሃል ወደ ውጭ ይሰነጠቃሉ፤ አጠገባቸው 41 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አፖሎዶሮስ የተባለ ክሬተር አለ። ጽሑፉ ሁለት ነገር አደባልቋል። ክሬተሩ የቦዮቹ ምንጭ ነው ካለ በኋላ፣ ምት እንዲህ ያለ ቦይ ስለማይሠራ ተፈጥሮ አይደለም ይላል። ክሬተሩ ግን በቦዮቹ መገናኛ መሃል ላይ አልተቀመጠም፤ ከክሬተሩ የተረጨውም ፍርስራሽ ቦዮቹን ሸፍኗቸዋል። የሸፈነው ከተሸፈነው በኋላ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ቦዮቹ ቀድመው ነበሩ። ቦዮቹ መሬቱ ወደ ጎን ሲሳብ የተሰነጠቁ ናቸው፤ በሁለት ትይዩ ስንጥቆች መካከል ያለው ቁራጭ ወደ ታች ይሰምጣል። በአፋር ስምጥ ውስጥ ያለው መሬት በመሳሳብ ሲሰነጠቅ የሚሠራቸው ረዣዥም ጎድጓዳ ሜዳዎችም በዚሁ ዓይነት የተፈጠሩ ናቸው። የመሳሳቡ መነሻ ግን የተለየ ነው።

በመስመር የተሰደሩት ጉድጓዶች ከትልቅ ክሬተር የተወረወሩ ቋጥኞች ሲያርፉ የሚሠሯቸው ናቸው። ጥልቀታቸው ትንሽ፣ ቅርጻቸው ሞላላ፣ ብዙ ጊዜም የተነካኩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አፈር የቀስት ጫፍ መሰል ክንፎች ይሠራል፤ ጫፉም ወደ መጣበት ክሬተር ያመለክታል። በሜርኩሪ ላይ የስበት ኃይሉ ከጨረቃ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ እነዚህ ሰንሰለቶች ከወላጅ ክሬተራቸው ብዙም አይርቁም። መስመሩን ወደ ኋላ አርዝሞ ምንጩን መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን በዓለም ካርታ ላይ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ አይደለም። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቀጥታ የሚመስለው መንገድ በሉሉ ላይ ቀጥታ አይደለም። ካርታው ሌላም ያታልላል፦ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሁሉም ነገር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በእጥፍ ይለጠጣል። ጽሑፉ «ሞላላ፣ ያልተለመዱ» ያላቸው ክሬተሮች ወደ ዋልታ የተጠጉት ናቸው። ካርታውን በዋልታ ማዕከልነት እንደገና ማውጣት ወዲያውኑ ክብ ያደርጋቸዋል።

ስለ ጥቁር አራት ማዕዘኖቹ ብዙ መናገር አያስፈልግም። መረጃው ወደ ምድር ሲላክ በጥቅል በጥቅል ነው የሚመጣው፤ አንድ ጥቅል ሲጠፋ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ደግሞ በጥቁር ይታያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1976 ቫይኪንግ 1 በማርስ ላይ ባነሳችው የታወቀው «ፊት» ላይም ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች የጠፋ መረጃ ነበሩ፤ አንዱ በአጋጣሚ «የአፍንጫ ቀዳዳ» ላይ ውሎ ፊትነቱን አጠናክሮታል። በ1998 እና በ2001 ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለችው መንኮራኩር በተሻለ ካሜራ ስታየው ተራ የተሸረሸረ ኮረብታ ሆነ።

የቤፒኮሎምቦ «ምሰሶ» የራሷ የመንኮራኩሯ አካል ነው። በሜርኩሪ አጠገብ ባለፈችባቸው ጊዜያት እነዚያን ፎቶዎች ያነሱት መከታተያ ካሜራዎች ናቸው፤ የተገጠሙት የመንኮራኩሯን ክፍሎች ለመመልከት ስለሆነ አንቴናና የማግኔት መለኪያውን የያዘው ዘንግ በብዙዎቹ ፎቶዎች ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ፎቶ በተከታታይ ማየት ይበቃል፤ ፕላኔቷ ትንቀሳቀሳለች፣ ዘንጉ በፍሬሙ ውስጥ ባለበት ይቆያል።

በዚህ ሁሉ አልፎ አሁንም እንግዳ ሆኖ የቀረ ነገር ካለ መዝግቦ መያዝ ነው፦ የምስሉ መለያ ቁጥር፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ በፒክስል ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የብርሃኑ ማረፊያና አቅጣጫ፣ በፒክስልና በኪሎ ሜትር የተለካ ስፋት፣ እንዲሁም በሌላ ብርሃን የተነሳው የሁለተኛው ምስል መለያ። ለመጀመሪያ ማጣራት ኩዊክማፕ የተባለው የድረ ገጽ ካርታ ይበቃል። በቁም ነገር ለሚለካ ሰው ደግሞ በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም የሚዘጋጀው ኢሲስ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ቅደም ተከተሉ ጥሬውን ፋይል ማስገባት፣ የመንኮራኩሯን አቀማመጥ ማያያዝ፣ የካሜራውን ጉድለት ማረም፣ ከዚያ ወደ ካርታ መቀየር ነው። ሁለተኛው ደረጃ ከተዘለለ ምስሉ ኬክሮስና ኬንትሮስ አይኖረውም፤ ስለዚህ መጨረሻው ደረጃ ላይ ሶፍትዌሩ ስህተት ይሰጣል።

በተለይ ከደቡቡ የሚመዘገቡት ቦታዎች ዳግም የመታየት ዕድል አላቸው። ቤፒኮሎምቦ በኖቬምበር 2026 ምህዋር እንድትገባ ቀጠሮ ተይዞላታል። ፕላኔቷን የምትቃኘው የአውሮፓዋ ክፍል ከ480 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በዋልታዎቹ በኩል ስለምትዞር፣ ሜሴንጀር ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያየችውን ደቡብ ከቅርብ ታነሳዋለች።